የፖምፔይ ቤት ግድግዳ ሲመዘገብ፦ ከስሙ በፊት መገጣጠሚያው

ጠያቂው የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። በመጪው ሐምሌ ጣሊያን ውስጥ ባለችው ጥንታዊ ከተማ በፖምፔይ ከሚሠራ የጥናት ቡድን ጋር የአንድ ጥንታዊ የሮማውያን ቤት ግድግዳ እንዲመዘግብ ተመድቧል። ግድግዳው 6 ሜትር ይረዝማል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ በድንጋይ የተደፈነ በር አለ። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የግንባታ ዓይነቶቹን የላቲን ስሞች አጥንቻለሁ። ግድግዳው ኦፑስ ኢንኬርቱም ስለሆነ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2ኛው መቶ ዓመት ብዬ ልመዝግበው? ፎቶ አንስቼ በኮምፒውተር ሞዴል ብሠራ ይበቃል ወይስ በእጅ መሣል የግድ ነው? ከሞርታሩ ትንሽ ፍቄ ብወስድስ?»

ከዘመኑ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው። ኦፑስ ኢንኬርቱም የሚባለው ጡጫ የሚያህሉ፣ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ድንጋዮች በኖራ ሞርታር ተይዘው የግድግዳውን ፊት የሚሠሩበት አሠራር ነው። ስሙ ስለ ፊቱ አሠራር ይናገራል፤ ስለ ዘመኑ ብዙ አይናገርም። ፖምፔይ ውስጥ ይህ አሠራር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰፊው ተለምዶ ነበር፤ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በ79 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን እስከቀበረበት ቀን ድረስም አልተተወም። እንዲያውም በ62 እ.ኤ.አ. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት ካፈረሰ በኋላ ግንበኞቹ ፍርስራሹን እየለቀሙ ብዙ ግድግዳ መልሰው ያቆሙት በዚሁ መንገድ ነው። በስሙ ብቻ ዘመን ከሰጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የቀዶ ሐኪሙ ቤት ተብሎ የሚጠራውን ይመልከቱ። አድራሻው 6፣ 1፣ 10 ነው፤ ይህም አርኪዮሎጂስቱ ጁዜፔ ፊዮሬሊ በ19ኛው መቶ ዓመት ባወጣው አሠራር መሠረት ክፍለ ከተማ 6፣ ብሎክ 1፣ በር 10 ማለት ነው። ፊት ለፊቱ በትልልቅ ጥርብ የሳርኖ የኖራ ድንጋይ ተሠርቷል። ውስጡ ደግሞ ቋሚና አግድም ትልልቅ ድንጋዮች እንደ አፅም ቆመው መሃሉ በትናንሽ ድንጋይ የተሞላበት ኦፑስ አፍሪካኑም ነው። መልኩ ጥንታዊ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ4ኛው ወይም የ3ኛው መቶ ዓመት ቤት ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ወለሉ ሥር የተደረገው ቁፋሮ ግን ቤቱ ከተባለው ዘመን ያነሰ ዕድሜ እንዳለው አሳየ። ግድግዳውን ያዩት ሰዎች ያዩትን በትክክል ነበር የገለጹት፤ ስህተቱ የመጣው ገለጻውን እንደ ዘመን ማስረጃ ስለወሰዱት ነው።

እንግዲህ በመዝገቡ ላይ ቁጥር የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የግንባታ ድርጊት ነው። አንድ ድርጊት ማለት በአንድ ሞርታር፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ፣ ሳይቋረጥ የተሠራ ማለት ነው። የእርስዎ ግድግዳ እንደ ዕቃ አንድ ቢሆንም ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ሳይወጣው አይቀርም፦ የመጀመሪያው ግንብ፣ በሩ ኋላ ተቆርጦ የወጣ ከሆነ ቁርጡ ራሱ፣ የበሩ ጎንና ጎን፣ ድፍኑ፣ ልስኑ፣ የዘመናችን ጥገና። ቁርጥ ድንጋይ ስለሌለው ብዙ ጀማሪ ቁጥር ይነፍገዋል። ነገር ግን አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ግድግዳውን ያፈረሰበት ቀን ድንጋይ ከተደረደረበት ቀን እኩል የታሪኩ አካል ነው። ቁርጥ ቁጥር ካልተሰጠው የድርጊቶቹ ቅደም ተከተል ይፋለሳል።

ድንጋዩን ለመለየት የፖምፔይ ዓይነቶች ብዙ አይደሉም፤ አንድ ጠዋት ለመልመድ ይበቃል። የሳርኖው የኖራ ድንጋይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነው፤ የሸምበቆና የሣር ግንድ የነበረባቸው ቀዳዳዎች ይታዩበታል። የኖቼራው ቱፍ (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ ድንጋይ) ግራጫ፣ ደቃቅ፣ በመጥረቢያ የሚጠረብ ነው። ላቫው ጥቁር ግራጫና ከባድ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ድንጋይ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ክሩማ የሚባለው የላቫው አረፋ ነው፤ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ከቀይ እስከ ጥቁር ቡናማ። ከእነዚህ ጋር ቢጫ ቱፍ፣ ጡብ፣ የተሰበረ የጣሪያ ሸክላና የዕቃ ስባሪ ይገኛሉ። «የተደባለቀ ድንጋይ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ በክር ይከልሉና ድንጋዮቹን በዓይነት ይቁጠሩ፤ የትልቁን፣ የመካከለኛውንና የትንሹን መጠን በሳንቲ ሜትር ይጻፉ። ክሩን ለመወጠር ሚስማር እንዳይመቱ፤ ሁለት ዘንግ መሬት ላይ አቁመው በእነሱ ይወጥሩ።

ሲቆጥሩ ድንጋዩ ከዚህ በፊት የት እንደነበረም ይጠይቁ። በኢንኬርቱም መካከል ከተቀጠቀጠ ሸክላና ከኖራ የተሠራ የወለል ቁራጭ ወይም ጫፉ ላይ የቀይ ቀለም ቅሪት የያዘ የልስን ስባሪ ሊያገኙ ይችላሉ። ያ ቁራጭ አንድ የተለሰነና ቀለም የተቀባ ክፍል አስቀድሞ ፈርሶ እንደነበር ይነግራል። ከ62ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ለተሠራ ሥራ ጥሩ ፍንጭ ነው። ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሰው ቤቱን ለማደስ የመሬት መንቀጥቀጥ አይጠብቅምና።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሁለት ግንቦች የሚገናኙበት መስመር ነው። ድንጋዮቹ መስመሩን እየተሻገሩ ከተጠላለፉና ሞርታሩ አንድ ከሆነ ሁለቱ አብረው ተሠርተዋል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወረደና የአንደኛው ሞርታር በሌላኛው ጎን ላይ ከተለጠፈ፣ የለጠፈው ኋላ መጥቶ የተጠጋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ የዘመን ልዩነት አይደለም። በኦፑስ አፍሪካኑም ቋሚ ድንጋዮቹ መጀመሪያ ይቆማሉ፣ ሙሌቱ ከዚያ ይገባል፤ ሁለቱ ግን የአንድ ሳምንት ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። በጡብ የተሠሩ የበር ጎኖችና ማዕዘኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ጡቡ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እያለ ይሠራና ኢንኬርቱሙ ጥርሶቹ መካከል ይገባል። ሞርታሩ አንድ ከሆነ ሥራው አንድ ነው።

የተደፈነው በርዎ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ድፍኑ ከአሮጌው ግንብ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩና ዓይንዎን አስጠግተው ይመልከቱ። ስስ ነጭ ልስን የበሩን ጎን ተከትሎ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ከድፍኑ ድንጋዮች ጀርባ የሚጠፋ ከሆነ፣ በሩ ተለስኖ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ከቆየ በኋላ ነው የተደፈነው። ከዚያ ወደ ፊት ገጹ ይምጡ። የግድግዳው ልስን ሳይቋረጥ አሮጌውን ግንብም ድፍኑንም አብሮ ከሸፈነ ድፍኑ ከልስኑ ይቀድማል። ልስኑ ላይ ሥዕል ከቀረ ደግሞ የተሻለ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ አውጉስት ማው በ1882 ከለያቸው አራት የፖምፔይ ግድግዳ ሥዕል ስልቶች ሦስተኛው በ1ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. አጋማሽ ገደማ ያበቃ ነው፤ ስለዚህ በድፍኑ ላይ ሦስተኛው ስልት ካለ በሩ ከዚያ በፊት ተዘግቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ አንዳንድ በሮች የተደፈኑት በቁፋሮው ዘመን፣ ግድግዳ ለመደገፍ ወይም ሰው እንዳይገባ ለመከልከል ነው። በድፍኑ ውስጥ ሲሚንቶ ካዩ ጥንታዊውን ታሪክ እዚያ አይፈልጉ።

አግድም መስመሮችን ደግሞ እንደ ዘመን እንዳይቆጥሯቸው። ግንበኛ ኖራው እስኪይዝለት ሥራውን በደረጃ ያቆማል፤ ባቆመበት ላይ የተስተካከለ የሞርታር ንጣፍ ወይም የድንጋይ መጠን ለውጥ ይቀራል። ከላይና ከታች ሞርታሩ አንድ ከሆነ ቁጥሩም አንድ ይሁን፤ ደረጃዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይለዩ። ከእነዚህ መስመሮች አጠገብ በእኩል ከፍታ የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ የርብራብ እንጨት የገባባቸው ናቸው። ተለቅ ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ፎቅ ወለል ተሸካሚ አግዳሚዎች ያረፉባቸው ናቸው። የእያንዳንዱን ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ይለኩ፤ ከፍታውን ከግድግዳው ሥር ካለው አፈር አይለኩ። አፈሩ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ቡድኑ ከያዘው የከፍታ መነሻ ነጥብ ይነሱ።

ስለ ሞርታሩ፦ ሊያነቡት የሚገባው ዝናብና ፀሐይ ያልነካው ቦታ ላይ ነው። ፊት ለፊት የሚታየው ብዙውን ጊዜ በተለያየ ጊዜ ተደጋግሞ የተሞላ የጥገና ሞርታር ስለሆነ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። የተሻሉት መስኮቶች የርብራብ ቀዳዳዎቹና የግድግዳው የተሰበረ ጫፍ ናቸው። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀለሙ፣ ሲደርቅ፣ በመንሴል የቀለም ሰንጠረዥ ቁጥር፤ ነጭ የኖራ እብጠቶች መኖር አለመኖራቸውና ትልቁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፤ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ብዛት፤ የሸክላ ደቃቅ መኖሩ፤ በጥፍር ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ውፍረት። የኖራ ምልክት የሌለው፣ ቡናማና አፈር የሚመስል ከሆነ በጭቃ የተያያዘ ነው፤ በኦፑስ አፍሪካኑም ሙሌት ውስጥ ይህ ያጋጥማል።

ትንሽ ፍቆ ስለመውሰድ መልሱ አይቻልም ነው። በጣሊያን የ2004ቱ የባህል ቅርስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ከቅርስ ላይ ናሙና መውሰድ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱም ለቡድኑ መሪ በጽሑፍ የሚሰጥ እንጂ ለተማሪ በቃል የሚነገር አይደለም። ፈቃድ ቢኖርም ናሙናው የሚወሰደው ቁጥሮቹና ቅደም ተከተላቸው ካለቀላቸው በኋላ ነው፤ ከየትኛው ድርጊት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና ቤተ ሙከራ ገብቶ የሚጠቅመው የለም። ከውጤቱም ብዙ አይጠብቁ። የሁለት ግንቦች ሞርታር አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ ዓመት ግን አይነግርም። በእሳተ ገሞራ አሸዋ የተቦካን ኖራ በካርቦን ዘመኑን ማወቅ ደግሞ በተለይ አስቸጋሪ ነው።

የዘመናችን ጥገና ሳይለይ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ፖምፔይ መቆፈር ከጀመረች ከ1748 ወዲህ ግድግዳዎቿ ሲጠገኑ፣ ሲደገፉ፣ እንደገና ሲገነቡ ኖረዋል። በ1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ተመትታለች፤ በ1980 የደቡብ ጣሊያን መንቀጥቀጥ ነክቷታል። ጠጋኞቹ የተጠቀሙት የዚያኑ ቤት ድንጋይ ስለሆነ በፊቱ ብቻ ማታለሉ አይቀርም። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፤ ይጠነክራል፤ የኖራ እብጠት የለውም፤ ዙሪያው ያለው ለስላሳ ድንጋይ ጨው እያወጣ ሲረግፍ እሱ ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል። በጎንደር የፋሲል ግቢ ግንቦች ላይም በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በሲሚንቶ የሠሩት ጥገና ከኖራው ጋር ይኸው ጠብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከግድግዳው ላይ ካልለየልዎ ወደ አሮጌ ምስሎች ይሂዱ። በኔፕልስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ያለው ከቡሽ የተሠራ የከተማዋ ሞዴል በ1861 የተጀመረ ሲሆን መጠኑ 1 ለ100 ነው፤ እስከዚያ ዘመን በተቆፈረው ክፍል የትኛው ግድግዳ እስከምን ከፍታ ቆሞ እንደነበር ለማነጻጸር ይረዳል።

ልኬት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሮማውያን ጫማ 29.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በፊት በአካባቢው ይሠራበት የነበረው የኦስካኖች ጫማ ደግሞ 27.5 ገደማ ነው። የግድግዳ ውፍረት አንድ ጫማ ተኩል ቢሆን በአንዱ 44.4፣ በሌላው 41 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ይመጣል። ልዩነቱ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኢንኬርቱም ፊት ወጣ ገባነትና የልስን ቅሪት ከዚያ ይበልጣሉ። ከአንድ ግድግዳ ውፍረት ተነስቶ የጫማውን ዓይነት መወሰን ስለዚህ አይቻልም። ውፍረቱን በበሩ ጎንና በተሰበረው ጫፍ ቢያንስ አምስት ቦታ ይለኩና ቁጥሮቹን ሁሉ ይጻፉ። ጡብ ካለ የአምስት ጡብና የአምስት ሞርታር ድምር ቁመት ይለኩ፤ አንዱን ጡብ ለብቻው ከመለካት ይህ ለማነጻጸር ይሻላል።

አሁን ወደ ፎቶው። በፎቶግራሜትሪ፣ ማለትም ከተደራረቡ ፎቶዎች ልኬት በማውጣት፣ የተሠራ ሞዴል ከእጅ ልኬት የበለጠ ትክክል ነው፤ ፈጣንም ነው። ፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ያለው) 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከ35 ሚሊ ሜትር ቋሚ ሌንስ ጋር ከግድግዳው በ2 ሜትር ርቀት ቢያቆሙ አንዱ ፎቶ 2.06 በ1.37 ሜትር ይሸፍናል፤ አንድ ፒክሰል 0.34 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶዎቹ ወደ ጎን 80 በመቶ፣ ወደ ላይ 60 በመቶ እንዲደራረቡ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ጎን፣ በየ55 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ለአንድ ፊት ከ100 እስከ 110 ፎቶ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ በሰያፍ የሚነሱ የጠርዝና የበር ጎን ፎቶዎች ይጨመራሉ። ዙም አይነካ፤ ፎከስ ከተያዘ በኋላ ይቆለፍ። የሐምሌ ፀሐይ ግማሹን ግድግዳ አብርታ ግማሹን ስታጠቁር የሚነሳ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፀሐይ ፊቱ ላይ ሳትደርስ በጠዋት ያንሱ። ፀሐይዋ ከጎን የምትመታበት ሰዓት ደግሞ የመጥረቢያና የመዶሻ ምልክቶችን በጥሩ ሁኔታ ታወጣለችና ለእነሱ ተለይተው የሚነሱ ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። የሞዴሉን ልክ የሚይዙ የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ይለኩ፤ ቢያንስ ስድስት ይሁኑና ሁለቱን ለማረጋገጫ ይተዉ። በጥንታዊ ልስን ላይ ምንም ዓይነት ወረቀት አይለጠፍ፤ በዚያ ቦታ የድንጋይ ጫፍ ራሱ ነጥብ ይሁን።

ሞዴሉ የማይሰጥዎ ንባቡን ነው። ስንጥቁ ውስጥ የዘለቀውን ልስን ካሜራው አያየውም፤ ሁለት ግራጫ ሞርታሮች አንዱ ኖራ አንዱ ሲሚንቶ መሆናቸውን አይለይም። ከዚህም በላይ ግድግዳ ስለሚያጋድል ምስሉ በየትኛው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንደተጣለ መጻፍ አለበት፤ ማጋደሉንም በየ1 ሜትሩ ቱንቢ ጥለው ይለኩ። ባዶ ወረቀት ላይ ድንጋይ በድንጋይ መሣል ደግሞ ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል። በ1 ለ20 መጠን የ0.3 ሚሊ ሜትር የእርሳስ መስመር ግድግዳው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከዚያ የጠበበ ነገር በሥዕሉ ላይ ቦታ የለውም።

የምመክረው አንድ መንገድ ነው። ከሞዴሉ የተስተካከለውን ምስል በ1 ለ10 ደብዘዝ አድርገው ያትሙ፤ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉና ግድግዳው ፊት ቆመው በእርሳስ ያንብቡት። የእያንዳንዱን ድርጊት ወሰን ያክብቡ፤ እርግጠኛ የሆኑበትን ባልተቋረጠ መስመር፣ የሚጠራጠሩበትን በነጠብጣብ። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቅጽ ይሙሉ፤ «ከላዩ ያረፈ»፣ «የተጠጋ»፣ «የቆረጠ»፣ «የሞላ»፣ «አብሮ የተሠራ» የሚሉትን ግንኙነቶች ሳይዘሉ ይጻፉ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 ባወጣው የሠንጠረዥ ዘዴ ያያይዙ። የላቲን ስሙን መጨረሻ ላይ ይጻፉት። የዘመን ሣጥኑ ውስጥ ከግድግዳው የሚገኘው «ከዚህ በፊት» ወይም «ከዚያ በኋላ» ብቻ ነው፤ ዓመቱን የሚያመጣው በመሠረቱ ቦይና በወለሉ ሥር የሚገኘው ሳንቲምና ሸክላ ነው። እነሱ ካልተቆፈሩ ሣጥኑ ባዶ ይቆይ፤ ባዶ ሣጥን ስህተት አይደለም።

ለአንድ ፊት ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ለፎቶና ለነጥብ፣ አንድ ሙሉ ቀን ለንባብ፣ ግማሽ ቀን ለቅጽ ይያዝ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ ውሃ አይርጩ፤ የሽቦ ብሩሽ አያስጠጉ፤ ሥር የሰደደ ተክል አይንቀሉ፤ ሲነቀል ይዞት የሚመጣው ሞርታር ነው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ክፍል ዞረው የግድግዳውን ጀርባ ፊት እንደ አዲስ ይጀምሩ። የበሩ ድፍን በዚያ በኩል በሌላ ድንጋይና በሌላ ሞርታር ሆኖ ካገኙት ሁለት ድፍን ነው ያለዎት፤ ቁጥሩም ሁለት ይሆናል።